በዜሮ ያላለቀው ቁጥር

ሰባ ሁለት። አስተኚው የልብ ምቱን ከማሳያው ላይ አነበበ፤ ሁለት ጣቱን በታማሚዋ አንገት ላይ አሳርፎ ራሱም ቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ ነው በሰንጠረዡ ላይ ያሰፈረው። ማሽኑ የነገረውን እጁ ሳያረጋግጥ መጻፍ አይሆንለትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየአምስት ደቂቃው፣ እንዲሁ ነበር። «አስተኚው» የሚለውን ስም ነርሶቹ ያወጡለት ሥራው ማደንዘዣ ሰጥቶ ሰው ማስተኛት ስለሆነ ነው እንጂ፣ እሱስ በሥራ ሰዓት ዓይኑን ሲከድን ያየው የለም። ተለማማጅ ሐኪሞች ሳይለኩ «እንደ ቅድሙ ነው» ብለው የደም ግፊት ሲጽፉ ከደረሰባቸው ብዕራቸውን ተቀብሎ ወደ ቤታቸው ይሸኛቸዋል፤ ይህን ሆስፒታሉ በሙሉ ያውቃል።

«ዛሬ ነው አይደል ልጅቷን የምታስመዘግባት?» አለ ቀዶ ጠጋኙ ከመጋረጃው ማዶ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

«ዛሬ ነው።»

«ታድለሃል። አንተማ ምን አለብህ፣ ገንዘቡን ድሮ አስቀምጠህላታል።»

አስተኚው ወደ ማሳያው ዞረ። ሰባ አራት፤ እሱንም በጣቱ አረጋግጦ ጻፈው።

ቀዶ ጠጋኙ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ልጁ ኮሌጅ ለመግባት ማለፏን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ነጋሪው ደግሞ ራሱ ነው። ኮሌጁ ሰው ሠራሽ እጅና እግር መሥራት ያስተምራል፤ በዓመት የሚቀበለው ሠላሳ ተማሪ ብቻ ነው። ከሠላሳው አንዷ የእሱ ልጅ ናት። ለጥበቃው ነግሯል፤ ለመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ነግሯል፤ ከአሥር ወደ ኋላ ቁጠሩ ከማለቱ በፊት ለታማሚዎቹ ሳይቀር ነግሯል። ሲነቁ ስለማያስታውሱት ለአንዳንዶቹ ሁለቴ ነግሯቸዋል።

ያልነገረው ሌላ ነገር ነው።

ከሦስት ወር በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ልጁ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ትሞላ ነበር። እሱ ከወንበሯ ኋላ ቆሞ መልስ ይሰጣል። የአባት ሥራ፣ የእናት ሥራ፣ የወር ገቢ። የወር ገቢው ሲጻፍ ማየት ደስ ይል ነበር፤ የእሱና የባለቤቱ ሲደመር ሳጥኑን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፤ «ለትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ»።

«አባዬ፣ እዚህ ስንት ልበል?» አለች፣ ጣቶቿን ቁጥሮቹ ላይ አንዣብባ።

የተቀመጠው ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዙን አያክልም። ከአምስት ልጆች በኩሩ እሱ ነው፤ ሦስት ወንድሞቹንና አንዲት እህቱን ከመጀመሪያው እስከ ምረቃቸው ያስተማረው እሱ ነው። የባለቤቱ አባት ኩላሊታቸው ደክሞ አራት ዓመት ሲታከሙ ክፍያው ከዚህ ቤት ወጥቷል። የቤቱ ዕዳ አለ፤ የልጅቷ ትምህርት ቤትም እንደ ስሙ ውድ ነበር። በየወሩ «ከሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ» ይላል፤ የሚቀጥለው ወር ግን እንደ ልማዱ ወይ የታመመ ወይ የሚያገባ ሰው ይዞ ብቅ ይላል። አንዱም የሚቆጭበት ወጪ አልነበረም። ብቻ ተደምረው ልጁን ባዶ እጇን አስቀሯት።

ይህን በዚያች ደቂቃ ማለት አቃተው። ልጁ ዞር ብላ ታየዋለች። በሷ ዓይን ውስጥ ሁሉ ነገር ያለው ሰው እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ ቁጥር ጠራላት፤ የአራት ዓመቱን ክፍያ የሚሸፍን ቁጥር። ክብ ቁጥር እንኳ አልጠራም። በሥራው የተማረው ነገር ቢኖር እውነተኛ ልኬት በዜሮ እንደማያልቅ ነውና፣ መጨረሻውን ሰባት አደረገው።

ልጁ ጽፋ ስትጨርስ ቁጥሩን አንዴ አየችው። «ይሄን ሁሉ ለእኔ?» አለች ቀስ ብላ።

እውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት ደረቱ ተነፍቶ ነበር። ገንዘቡን በእርግጥ እንዳስቀመጠው ሰው ኮርቷል። ቅጹ ቀጥሎ ተማሪዋ ክፍያ ለሚቀንሰው የውጤት ሽልማት ትወዳደር እንደሆነ ሲጠይቅ፣ በዚያው ኩራት ሆኖ «ተይው የኔ እናት፣ ለሚያስፈልጋቸው ይሁን» አላት። እሷም ተወችው።

መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ባቀረባችሁት መረጃ መሠረት ድጋፍ አያስፈልጋችሁም፤ የዓመቱን ግማሽ ክፍያ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ክፈሉ ይላል። ባንክ ቤት ሄዶ ነበር፤ የቤቱ ዕዳ ሳያልቅ ሌላ ብድር የለም አሉት። ወንድሞቹን እንዳይጠይቅ ገና ጎጆ በመውጣት ላይ ናቸው። እነሆ ዓርብ ደረሰ።

ታማሚዋን አንቅቶ፣ ስሟን አስጠርቶ፣ ወደ ማገገሚያ ክፍል ከሸኛት በኋላ በኮሪደሩ ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ ነበረች። የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ከከተማ ውጭ ሥራ ላይ ስለሆነች ከኋላዋ የአፈር ማሽን ያጓራል።

«ነገርካት?»

«መንገድ ላይ እነግራታለሁ።»

«ትናንትም መንገድ ላይ ነበር ያልከኝ። ስማኝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውልላታለሁ። ካንተ ሳትሰማ ከእኔ ብትሰማ ለአንተው ነው የሚከፋው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ እሺ» አለችና ማሽኑ ድምፅዋን ዋጠው።

ልጁ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሸሚዟን ተኩሳለች፤ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራለች፤ ማኅደር በደረቷ አቅፋለች። መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር ወሬ ጀመረች። ወሬዋ ስለ ጉልበት ነበር።

«ሁሉም ሰው ደረጃ መውጣት ከባድ ይመስለዋል። ግን መውጣቱ አይደለም አባዬ፣ ሰው ሠራሽ ጉልበት ሰውን የሚከዳው ሲወርድ ነው። ክብደቱን ቀስ ብሎ የሚለቅ ነገር ያስፈልገዋል። እኔ በብረት ስፕሪንግ ሞከርኩት፣ አልሆነም። እዚያ ያለው መምህር በዘይት ነው የሚሠራው።»

«በዘይት?»

«በግፊት። አንተ መርፌውን ስትገፋ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ እንደሚሄደው።»

በሥራው ምሳሌ መስጠቷ አንጀቱን አራሰው። «እሙዬ» አለ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩምባ ነፉበት። ከድልድዩ ወዲያ «እሙዬ፣ አንድ ነገር…» አለ፤ እሷ ግን ምን እንደሆነ ሳትጠብቅ «ፈራህ እንዴ? እኔ እኮ አልፈራሁም» ብላ ሳቀችበት። ሦስተኛውን ሙከራ የኮሌጁ በር ላይ ያለው ዘበኛ መታወቂያ በመጠየቅ አቋረጠው። ሰው ሁሉ ሊተኛ ሲል የሚያረጋጋ ምላስ ያለው ሰውዬ፣ ለገዛ ልጁ ሲሆን ምላሱ ተሳስሮ ቀረ።

ወደ ቢሮው የሚወስደው ኮሪደር በአንድ ወገኑ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ማዶ የተማሪዎቹ መሥሪያ ክፍል ይታያል። አንድ ጎልማሳ በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ቆሞ በአዲስ እግር መራመድ ይለማመዳል፤ አንዲት ተማሪ በርከክ ብላ፣ መፍቻዋን በጥርሷ ይዛ፣ ቁርጭምጭሚቱን ታስተካክላለች። ሰውዬው አንድ እርምጃ ሄደ። ተማሪዋ መፍቻውን ከአፏ አውጥታ የሆነ ነገር አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ልጁ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቀረች። እሱ የሚያየው እሷን ነበር።

የድጋፍ ክፍል ኃላፊዋ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ወንበር ሰጧቸው፣ ማኅደሩን አገላብጠው አዩ፣ «ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ፤ እንደ ሙገሳ ሳይሆን እንደ ምርመራ ውጤት ነው የተናገሩት። «ክፍያውን በምን ያደርጉታል ዶክተር?»

«ከክፍያው በፊት የማስተካክለው ነገር አለኝ» አለ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «ቅጹ ላይ ለትምህርት ተቀመጠ ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ ትክክል አይደለም። የለም።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ልጁ ወደ እሱ ዞረች።

«አንዳንዴ ሲሞላ ቁጥር ይጨመራል» አሉ ኃላፊዋ፤ በደግነት ነው ያሉት፤ ማምለጫ ሊሰጡት ፈልገው ነው። «የመጻፍ ስህተት ይሆን?»

እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ልጁ ቀደመችው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ቶሎ ብላ። «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ።»

በሥራ ዘመኑ ብዙ አስደንጋጭ ደቂቃ አሳልፏል፤ ይህን የሚያህል ግን አያስታውስም። ልጁ ለእሱ ስትል ጥፋቱን ስትሸከም እያየ ዝም ማለት ይችል ነበር። ወረቀቱ ይስተካከላል፤ ማንም አያፍርም፤ ቀኑም ያልፋል።

«አልተሳሳተችም» አለ። «ያልኳትን ነው የጻፈችው። ሐሰተኛውን ቁጥር የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን እንደሆነ ልጠይቅዎ?»

«ልጄ እያየችኝ ነበር።»

ኃላፊዋ ከመሳቢያቸው አንድ ገጽ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ማስተካከያ ይኸው ነው፤ ይሞሉና ይፈርማሉ። ግን ልንገርዎ፤ እውነቱን ቢጽፉም ኖሮ፣ በዚህ ደመወዝ የምንሰጠው ድጋፍ ከመጻሕፍት ዋጋ አይዘልም ነበር። ቁጥሩ አልጎዳችሁም። የጎዳችሁ ለውጤት ሽልማቱ አለመወዳደራችሁ ነው። በእሷ ውጤት የክፍያውን ግማሽ ታገኝ ነበር። እሱ ደግሞ ባለፈው ወር ተዘጋ።»

ልጁ ተነሳች፤ «አንድ ደቂቃ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆማለች፤ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

«ስለ ገንዘቡ አይደለም» አለች። «በእኔ እጅ ለምን አስጻፍከኝ?»

«የለኝም ማለት አቃተኝ» አለ። «አፍሬ ነው እሙዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሰዎች በመካከላቸው አልፈው ሄዱ። «የት ገባ?» አለች በመጨረሻ። «እናንተ እኮ… ሁለታችሁም ትሠራላችሁ።»

ነገራት። ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንድ በአንድ ነገራት።

«የአክስቴ የነርስነት ትምህርትም?»

«አዎ።»

«ትንሹ አጎቴ ሁለቴ የደገመው ዓመትስ?»

«ሁለቱንም ጊዜ።»

«የአያቴ ኩላሊት።»

«እሱንማ እናትሽና እኔ አብረን ነው። የአንቺም ትምህርት ቤት አለበት። ዋናው እሱ ነው።»

ልጁ ሳትፈልግ ፈገግ አለችና ቶሎ መልሳ ኮስተር አለች። ይቅር አላለችውም፤ ፊቷ ላይ ያነበበው እሱን ነው። ግን ትከሻዋ ቀና ብሏል፤ ሰዓቷን አየች።

«ዘጠኝ ተኩል ነው» አለች። «ገና ነው።» በሩን ራሷ ከፍታ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተኚው ለብዙ ሰው ሲያወራ ይኖራል። ልጁ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ብዕር አወጣች። እሱ በሕይወቱ ዋጋ ተከራክሮ አያውቅም፤ የተጠራለትን ከፍሎ፣ መልሱን ሳይቆጥር ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ነው። ልጁ በማን እንደወጣች እንጃ።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ክፍያው አነስተኛ በሆነው በከተማው ኮሌጅ ብማር፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ትቀበሉኛላችሁ?»

«በየዓመቱ ከሌላ ኮሌጅ ለሚመጡ ስምንት ቦታ አለን» አሉ ኃላፊዋ።

«ስምንቱን የሚወስነው ምንድን ነው? ውጤት ብቻ ነው?»

«ውጤትና አምስት የግድ የሆኑ ትምህርቶች።»

«የትምህርቶቹን ዝርዝር ይስጡኝ። ስገባ ለውጤት ሽልማቱ መወዳደር እችላለሁ?»

«ትችያለሽ። ለስምንቱ ለብቻ ነው የሚደረገው፤ ተወዳዳሪውም ያንሳል።»

«ያኔ ክፍያውን በየወሩ ከፋፍለን ብንከፍልስ?»

«በአሥር ወር ይከፈላል። ወለድ የለውም። የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ የለም።» ኃላፊዋ አስተኚውን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩት። «በእርስዎ ደመወዝ ያሉት ደግሞ ከነጭራሹ አይጠይቁም።»

«የመመረቂያ ወረቀቱስ? ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ነበረች ብሎ ይጽፋል?»

«የሚጽፈው የእኛን ስም ብቻ ነው።»

ልጁ ይህን ሁሉ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ ኃላፊዋ ገፋ አደረገችው። «ፈርመው ማኅተም ቢያደርጉልኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።»

ኃላፊዋ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ማኅተሙን አነሱ። አስተኚው ዓይኑ እንባ ማቅረሩ ታወቀው። እንዲህ ኮርቶ አያውቅም፤ ሠላሳው ውስጥ የገባች ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራም። ያን ቀን የኮራው ስሟ ዝርዝር ላይ ወጥቶ ስላየ ነው። ዛሬ ራሷን አያት።

«እኔም በየወሩ ማስቀመጥ እጀምራለሁ» አለ። «ከሚቀጥለው ወር…»

«ከዚህ ወር» አለች፣ ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል።

«ከዚህ ወር።»

የማስተካከያውን ገጽ ራሱ ሞላው። የባንኩን ደብተር ከኪሱ አውጥቶ፣ የመጨረሻውን መስመር በጣቱ ተከትሎ፣ ልክ በሰንጠረዡ ላይ እንደሚያደርገው አንዴ አረጋግጦ ጻፈ። እውነተኛው ቁጥር የሚያልቀው በሁለት ዜሮ ነበር። ለሥራው ልምድ ይህ ትንሽ ስድብ መሰለው። ልጁ በትከሻው ላይ አጮልቃ አየችው፤ «ይሄ ነው?» አለች። «ይሄ ነው» አላት። ኃላፊዋ በበኩላቸው ቦታዋን የምትለቅበትን ወረቀት ሰጧት። ስሟን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ሲመለሱ በመስታወቱ አጠገብ ማለፍ ነበረባቸው። ጎልማሳው ከአግዳሚዎቹ መካከል ወጥቶ በአዳራሹ መሐል ብቻውን ቆሟል። ልጁ ቆም ብላ አየችው። «ሁለት ዓመት ነው» አለች፤ ለአባቷ ይሁን ለራሷ አልታወቀም። እሱ እጇን ሊይዝ አስቦ ተወው። ገና ነው ብሎ ተወው።

መኪናው ከግቢው ሳይርቅ ስልኩ ጮኸ። የመኪናው ማሳያ ላይ የቀዶ ጠጋኙ ስም ወጣ። አጥፍቶት ወይም በጆሮው ላይ አድርጎት ማውራት ይችል ነበር። ግን በድምፅ ማጉያው አነሳው፤ ልጁም ትስማ ብሎ።

«እህ አንተ አስተኚ፣ ከፈልክ? ግብዣው መቼ ነው?»

«አልከፈልኩም። ልጄ የምትገባው የከተማው ኮሌጅ ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ትማርና ሦስተኛውን ዓመት ባለፈችበት ኮሌጅ ትቀጥላለች።»

«የቱ? አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው?»

«እሱው።»

«ምነው? ምን ገጠማችሁ?»

«ገንዘብ የለኝማ» አለ አስተኚው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደፈራው አልከበደውም። ልጁ ወደ መንገዱ እያየች ነበር፤ እጇ ግን ማኅደሩን ይበልጥ ጠበቅ አደረገ። «አስተካክላ የጨረሰችው እሷ ናት። እኔ ቁጭ ብዬ ነበር።»

ከስልኩ ማዶ ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ በር ሲዘጋ ተሰማ። ቀዶ ጠጋኙ ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ስማኝ» አለ። «እንዴት ነው ያደረጋችሁት? የእኔ ልጅ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ኮሌጅ ገቢ ናት። ቅጹን ዛሬ ነው የምንሞላው።»

አስተኚው ልጁን አያት። ልጁ መንገዱን ትታ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ወረቀት ይዘዋል?»

«ቆይ የኔ ልጅ… ያዝኩ።»

መድን የገባላቸው እስኪመስል በእጆቹ የሚኮራው ቀዶ ጠጋኝ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል ሊቀበል ብዕር ሲያዘጋጅ አባትየው በጆሮው ሰማ። ይህን ደስታ ለማንም አያካፍለውም።

«መጀመሪያ» አለች ልጁ፣ «ለትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ የሚለው ላይ ስንት ነው የሚጽፉት?»

ስልኩ ዝም አለ። አስተኚው መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ፤ አንድ ነገር ሊል ሲል ልጁ እጇን ክንዱ ላይ አሳርፋ ከለከለችው። ሁለቱም አላቻኮሉትም፤ ጠበቁት።